ዝገቱ ምክንያት ይኑረው፦ ስለ ሚኒየቸር ታንክ የጠየቃችሁን

ሰላም ናችሁ ወገኖች! በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ለጠረጴዛ ላይ የጦር ጌም ስለሚገጣጠሙ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች። ጌሙን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ክፍሎቹ ስፕሩ በሚባል የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው በካርቶን ይመጣሉ፣ እየቆረጣችሁ ታጣብቃላችሁ፣ ቀለም ትቀባላችሁ፣ ከዛ ከጓደኛ ጋር በዳይስና በሜትር ትጫወቱበታላችሁ። ከነዚህ ጌሞች በጣም የታወቀው ዋርሃመር እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ አገር የወጣ ነው፣ የሚሰራውም ኖቲንግሃም ያለው ጌምስ ወርክሾፕ ነው። ሁለታችሁ የጻፋችሁት በቀጥታ ስለ ኢምፓየሩ (በዋርሃመር ውስጥ ያለ አንድ የሰው ልጆች አገር) ስቲም ታንክ፣ ማለትም በእንፋሎት ስለሚሄደው ታንክ ስለሆነ ለሌሎቻችሁም ምሳሌዬን እሱን አድርጌዋለሁ፣ አራት ቸርኬ ያለው፣ ከኋላ ቦይለር የተሸከመ፣ ከፊት መድፍ ያወጣ፣ አናቱ ላይ እንፋሎት የምትተፋ ማማ ያለችው የብረት ጉድ ነው፣ እኔ ራሴ ከሁሉም ተሽከርካሪ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ እስካሁን የሰራሁት እግረኛ ወታደር ብቻ ነው። አሁን ስቲም ታንኩን ገዛሁ። መጀመሪያ ሙሉውን አጣብቄ ልቀባው ወይስ እያንዳንዱን ለየብቻ ቀብቼ ላጣብቀው? ጓደኞቼ ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ይሉኛል፣ ግራ ገባኝ። *(ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱ መሃል ላይ ነው። ማጣበቂያውን ከመክፈትህ በፊት ክፍሎቹን በደረቁ ግጠማቸው፣ በእጅህ ይዘህ ወይ በትንሽ ቴፕ፣ እና እያንዳንዱን ቦታ እያየህ ብሩሼ እዚህ ይደርሳል ወይ በል። የሚደርስ ከሆነ አጣብቀው፣ የማይደርስ ከሆነ ለብቻው ይቆይ። በዚህ ታንክ ላይ ለብቻ የሚቆዩት ቸርኬዎቹ፣ ማማዋ እና ከላይ ብቅ ብሎ የቆመው መሐንዲስ ናቸው። ቸርኬው ከገባ በኋላ ከጀርባው ያለውን ላሜራ መቀባት ሲኦል ነው፣ መሐንዲሱም ፊቱን ለመቀባት ስታዞረው ታንኩን ሁሉ ማዞር አለብህ። ዋናው አካል ግን፣ ቦይለሩም መድፉም፣ አንድ ላይ ይጣበቅ።

ሁሉን ነገር ለየብቻ መቀባትን የማልመክረው በማጣበቂያው ምክንያት ነው። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሁለቱንም ፕላስቲክ ያቀልጥና አንዱን ከአንዱ ያዋህዳቸዋል፣ ሲደርቅ አንድ አካል ይሆናሉ። መሃላቸው ቀለም ካለ ግን ማጣበቂያው ቀለሙን ነው የሚያቀልጠው፣ መገጣጠሚያው ይልፈሰፈሳል፣ ጫፉም ይቆሽሻል። ስለዚህ በኋላ የሚጣበቁትን ቦታዎች ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከስር የሚደረግ የመጀመሪያ ቀለም) ከመንፋትህ በፊት በቴፕ ሸፍናቸው፣ ወይ በኋላ በምላጭ ፋቃቸው። ሱፐር ግሉ ይሄን አይሰራም፣ እሱ ላይ ላዩን ነው የሚይዘው፣ ለሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ከያዘ በኋላ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) እና ለብረት ሞዴል ግን የሚሆነው እሱ ነው ምክንያቱም የፕላስቲክ ማጣበቂያ እነሱን ማቅለጥ አይችልም።

አሁን ከእግረኛ ወታደር የሚለይበትን ልንገርህ። ወታደር ጨርቅ አለው፣ ፀጉር አለው፣ ትንሽ ጭረት ቢኖር እጥፋት ውስጥ ይደበቃል፣ ተሽከርካሪ ግን ሰፊ ልሙጥ ላሜራ ነው፣ የረሳኸው ነገር ሁሉ ቀለም ሲነካው ጎልቶ ይወጣል። ከስፕሩ ስትቆርጥ በአንዴ አጠገቡ አትቁረጥ፣ መጀመሪያ ራቅ አድርገህ ቁረጥ፣ ከዛ የቀረችውን ጉጥ በሁለተኛ ቆረጣ አንሳት፣ አለበለዚያ ፕላስቲኩ ይቦጨቃል። ቅርጽ ማውጫው የተገጠመበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ታገኛለህ፣ እሷን በምላጩ ጀርባ እየጎተትክ ፋቃት፣ በስለቱ አይደለም፣ ስለቱ ይቆፍራል።

መድፉን ለብቻው እናንሳው። በሁለት ግማሽ የሚመጣ ማንኛውም በርሜል ሲጣበቅ ወገቡ ላይ መስመር ይተዋል፣ እውነተኛ መድፍ ደግሞ እንዲህ ያለ መስመር የለውም። ዘዴው ይሄ ነው፦ ማጣበቂያውን ሁለቱም ጎን ላይ ቀባ፣ ትንሽ ታገስ፣ ከዛ ጫን አድርገህ ግጠማቸው፣ የቀለጠው ፕላስቲክ በስንጥቁ ዙሪያውን ቀጭን ዶቃ ሆኖ ይወጣል። አትጥረገው! ያደረው። በማግስቱ ያ ዶቃ ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኗል፣ በምላጩ ጀርባ ፋቅ ታደርገዋለህ፣ ከዛ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለህ፣ መስመሩ የት እንደነበር አንተም አታገኘውም። አሁንም ክፍተት ከቀረ በሞዴል ስቱኮ ሙላው። ይሄን ሁሉ የምለው ቀለም የሚጨርስልህ እዚህ ላይ የጀመርከውን ስለሆነ ነው፣ እባክህ አትቸኩል።

ጥያቄ፦ በስፕሬይ ፕራይመር ስነፋ ሞዴሉ አሸዋ የተበተነበት መሰለ፣ ስዳስሰው ይሻክራል። ሁለት ጊዜ ቆርቆሮ ቀየርኩ ያው ነው። የምነፋው በረንዳ ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከስራ ስመለስ። *(ከዱባይ)*

መልስ፦ እህቴ ቆርቆሮው ላይ ችግር ያለ አይመስለኝም፣ ሰዓቱ ነው። በዛ ሙቀት ቀለሙ ከአፉ ወጥቶ ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል፣ የሚያርፈው ፈሳሽ ሳይሆን ዱቄት ነው። ሙቀት ባይኖርም ከሩቅ ከነፋሽው ያው ነው። ስለዚህ በማለዳ ንፊ፣ ቆርቆሮውን በደንብ ናጪው፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያዢ፣ ንፋቱን ከሞዴሉ ውጪ ጀምረሽ ከሞዴሉ ውጪ ጨርሺ፣ አንድ ቦታ ላይ አትቁሚ። በሁለት ሶስት ስስ ንፋት መሸፈን ከአንድ ወፍራም ይሻላል፣ ወፍራሙ ሪቬቶቹን ይውጣቸዋል። ማለዳውም የሚያቃጥል ወር ላይ ከሆንሽ በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር አለ፣ ትንሽ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ምንም አይጎድለውም።

የተበላሸውን በተመለከተ፣ ሽካሬው ትንሽ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ልሙጡን ላሜራ አለስልሺና ቀጥዪ፣ እንደውም ታንኩ ብረት መምሰል ስላለበት ትንሽ ሽካሬ ያስኬዳል። ብዙ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮሆል ውስጥ ትንሽ አቆይተሽ በጥርስ ብሩሽ ፈትጊው፣ ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ አይሁን። አሴቶን ግን በጭራሽ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥም ብዙ ጊዜ አለ፣ ፕላስቲኩን ራሱን ነው የሚያቀልጠው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ጠላት ተቃራኒው ነው፣ እርጥበት። ክረምት ላይ ማት ቫርኒሽ (ቀለሙን የሚጠብቅ የማያብረቀርቅ ሽፋን) ስትነፉ ነጭ ጉም ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዝናብ ባቆመበት ደረቅ ሰዓት ንፉ ወይ በብሩሽ ቀቡት፣ ጉም ከያዘ ደግሞ ግሎስ (የሚያብረቀርቅ) ቫርኒሽ በስሱ በብሩሽ ብትደርቡበት ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ይሄን ነገር ካልገዛሽልኝ ብሎ አስጨነቀኝ። ካርቶኑን ሳየው የራስ ቅልና አጋንንት ምናምን ያለበት አለ፣ ደስ አላለኝም። በዛ ላይ ምላጭ አለው፣ ሽታ ያለው ማጣበቂያ አለው። ምን ይሉኛል? *(አንዲት እናት፣ ከለንደን)*

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው እናቴ፣ ቀልድ አድርጌ አላልፈውም። እነዚህ ጌሞች ውስጥ እርስዎ የማይወዱት ምስል ያለባቸው ሰራዊቶች አሉ፣ የሌለባቸውም አሉ። የልጁን ፍላጎት ሳይከለክሉ ምርጫውን አብረው ቢያደርጉት ጥሩ ነው፣ ሱቅ አብረው ይሂዱ፣ ካርቶኑን ያገላብጡ፣ ምን እንደሆነ እሱ ያስረዳዎት፣ ይሄ ይሁን ይሄ ይቅር ማለት ይችላሉ።

ስቲም ታንኩን ለምሳሌ ብንወስድ ታሪኩ ለልጅ የሚነገር ነው። በጌሙ ተረት መሰረት የፈለሰፈው የሚራሊያኖው ሊዮናርዶ የሚባል መሐንዲስ ነው፣ 12 ተሰርተው የቀሩት 8 ብቻ ናቸው ይባላል፣ ሚስጥሩን በደንብ የሚያውቅ ስለሌለ አዲስ መስራት አልቻሉም። ይሄ ስም ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እውነተኛው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1480ዎቹ ውስጥ መድፍ በዙሪያው የተደረደረበት፣ ጣራው ሾጣጣ የሆነ የተሸፈነ የጦር ሰረገላ ስሏል፣ ስዕሉ ያለው እርስዎ ከተማ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። የሚገርመው በስዕሉ ላይ ያለው የጥርሳማ ጎማዎቹ (የጊሩ) አሰራር እንዳለ ቢሰራ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት። ይሄን ለልጅዎ ይንገሩትና ለምን እንደሆነ በወረቀት ስሎ ያሳይዎት፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ይይዘዋል።

ስለ አደጋው፦ በ13 ዓመት ምላጩን መጀመሪያ እርስዎ ወይ ሌላ አዋቂ አብሮት ተቀምጦ ይጠቀም፣ ቆረጣው ሁሌ ከጣት ወደ ውጪ ይሁን፣ የደነዘዘ ምላጭ ይቀየር፣ የሚያንሸራትተውና የሚቆርጠው የደነዘዘው ነው። ቀለሙ ውሃ ወለድ አክሪሊክ ይሁን፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ በውሃ ይታጠባል። ማጣበቂያው መስኮት ተከፍቶ፣ ስፕሬዩ ደጅ። አንድ ነገር ብቻ ይቆይ እላለሁ፣ የሬዚን ፕሪንተር፣ ከፈሳሽ ሬዚን ሞዴል የሚያወጣው ማሽን። ያልደረቀው ሬዚን ቆዳ ያሳክካል፣ አለርጂ ያመጣል፣ ጓንትና በቂ አየር የግድ ነው፣ ቤት ውስጥ ልጅ ለብቻው የሚነካካው እቃ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታንኬን ወርቃማ ቀባሁት፣ ከዛ አሮጌ እንዲመስል ብዬ ሁሉም ቦታ ላይ ብርቱካናማ ዝገት አደረግኩበት። የሆነ ነገር ልክ አይደለም ግን ምኑ እንደሆነ አላወቅኩትም። *(ከአትላንታ)*

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ወርቃማው ቀለምህ ነሐስ ነው የሚመስለው፣ ነሐስ ደግሞ ብርቱካናማ አይዝግም። የሚዝገው ብረት ነው። ነሐስና መዳብ እርጥበት ሲያገኛቸው መጀመሪያ ይጠቁራሉ፣ ከዛ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ይሄዳሉ። ታንክህ ላይ ሁለቱም አሉ እንበል፣ ቱቦዎቹ መዳብ፣ ማስጌጫው ነሐስ፣ አካሉና ቸርኬው ብረት። አሁን ማሽኑ ምን እንደሚሰራ አስብ። ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎት በቱቦ ይሄዳል፣ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይፈሳል። ስለዚህ አረንጓዴው መሆን ያለበት በቱቦ መጋጠሚያዎችና በቡሎኖቹ ስር ነው፣ ከዛም ወደ ታች የወረደ ስስ መስመር። ቱቦው መሃል ላይ ሰው የሚይዘው ከሆነ እዛ ጋ ያብረቀርቃል እንጂ አያረጅም።

አሰራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከነሐሱ ስር ቡናማ ቀባ፣ ሜታሊክ ቀለም ጥቁር ላይ በቀጥታ ሲሆን ስለማይሸፍን ደጋግመህ ትወፍረዋለህ። ነሐሱን በሁለት ስስ ደርብ፣ ቀለሙን በውሃ እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥነው። ሲደርቅ ቡናማ ዋሽ (በጣም የቀጠነ ቀለም) ቀባበት፣ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ልሙጡ ላሜራ ላይ ኩሬ ከሰራ ሳይደርቅ በንጹህ እርጥብ ብሩሽ አንሳው አለዚያ ዙሪያው የሻይ ቅሪት ዓይነት ቀለበት ይተዋል። ከዛ ጠርዞቹን ብቻ በብሩህ ነሐስ ነካ ነካ አድርጋቸው። መጨረሻ ላይ ቱርኩዊዝ (አረንጓዴ ሰማያዊ) አክሪሊክ በብዙ ውሃ በጥብጠህ በቀጭን ብሩሽ መጋጠሚያው ስር አስቀምጥ፣ ትንሽ ጠብቅና ጎልቶ የወጣውን በእርጥብ ጣትህ ጥረገው። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው በቂ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያቆምም፣ ታንኩን በሙሉ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ አንተ ግን አቁም።

ብረቱ ላይ ደግሞ ቀለም የሚላጠው ሰው በሚረግጥበትና እቃ በሚጋጭበት ነው፣ መግቢያው ክዳን ጠርዝ፣ መሐንዲሱ የሚወጣበት፣ የቸርኬ መሸፈኛው ፊት። ከማሸጊያ ስፖንጅ ትንሽ ቅደድ፣ ጥቁር ቡናማ ንከርበት፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ ጥረግና ጠርዙን ነካ ነካ አድርግ፣ የተፈጥሮ ልጣጭ ይሰጥሃል፣ በብሩሽ ያን አታገኝም። ጥቁር ጥላሸት በጭስ ማውጫዎቹ አፍ ላይ፣ በብዛት ጫፉ ላይ ወደ ታች እየሳሳ፣ ፒግመንት ዱቄት (ደረቅ የቀለም ዱቄት) ካለህ ጥሩ፣ ከሌለህ ጥቁር ቀለም በደረቅ ብሩሽ። የሚጋል ብረት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ስለሚያወጣ የማማዋ እንፋሎት መትፊያ ጫፍ ላይ በጣም በስሱ አድርግለት። ቅባት በመዞሪያዎቹ ዙሪያ፣ ግራሶ ስለሚያብረቀርቅ እዛ ላይ ብቻ ማት ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ ግሎስ ነካ አድርግ። ጭቃ ከቸርኬው ወደ ላይ ነው የሚረጨው፣ ከጣራው ወደ ታች አይደለም፣ የጭቃው ቀለምም ሞዴሉ ከቆመበት መቆሚያ (ቤዝ) ጋር አንድ ይሁን፣ ቀይ አፈር ላይ የቆመ ታንክ ግራጫ ጭቃ ከየት አመጣ?

ጌሙን ሲጫወቱ አይተህ ከሆነ በድሮዎቹ ህጎች ይሄ ታንክ የእንፋሎት ግፊቱን ከመጠን በላይ ካደረግክበት ራሱን ይጎዳ ነበር። እኔ ታንክ ስቀባ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ፣ ቦይለሩ ላይ አንድ የተለጠፈ ላሜራ፣ ከሌላው ትንሽ አዲስ ቀለም ያለው፣ አንዴ ፈንድቶ ተጠግኗል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኑር። ያለውን ብርቱካናማ ለማስተካከል ከባዶ መጀመር አይጠበቅብህም፣ ብረቶቹ ላይ ተወው፣ ነሐሱን ብቻ ድገመው።

ጥያቄ፦ ለእህቴ ልጅ አዲስ አበባ አንድ ኪት ከነቀለሙ ከነስፕሬዩ ይዤለት ልሄድ ነው። ሻንጣ ውስጥ ችግር አለው? *(ከሲያትል)*

መልስ፦ አለው። የቀለም ስፕሬይ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም። የፕላስቲክ ማጣበቂያውም ተቀጣጣይ ነው፣ ተወው። ኪቱን፣ ውሃ ወለድ ቀለሞችን፣ በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር፣ ሁለት ጥሩ ብሩሽ እና መቁረጫውን በሚጫነው ሻንጣ ያዝለት፣ ምላጩንም እዛው። ማጣበቂያ እዛው ሱፐር ግሉ ይገዛል፣ ለፕላስቲኩም ይሰራል፣ የማቅለጥ ዘዴው ብቻ ይቀርበታል፣ ስለዚህ የበርሜሉን መስመር በስቱኮ ይሙላው። ለቤዙ አሸዋ ማጣበቂያ የአናጢ ኮላ በቂ ነው፣ አሸዋውንም ከግቢ ወስዶ በወንፊት ይንፋው።

ጥያቄ፦ ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚነፋ መሳሪያ) ሳይኖረኝ ጥሩ ታንክ መስራት እችላለሁ? *(ከቴል አቪቭ)*

መልስ፦ በደንብ ትችላለህ። ሰፊ ላሜራ ላይ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ስስ ቀለም፣ አንዱ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አለመደረብ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ከኪቱ ጋር የመጣውን የጀርመንኛ ዓይነት ጽሁፍ ያለውን ተለጣፊ ትቼ በግዕዝ ፊደል ስም ልጽፍበት እፈልጋለሁ። ያምርበታል? ህጉስ ይፈቅዳል? *(ከስቶክሆልም)*

መልስ፦ ህግ የሚባል የለውም፣ ታንኩ ያንተ ነው። ያሉት የኢምፓየር ከተሞች የየራሳቸው ቀለም አላቸው፣ አልትዶርፍ ቀይና ሰማያዊ፣ ኑልን ጥቁር፣ ግን የራስህን ከተማ ፈጥረህ የራስህን ቀለም ብታደርግ ማንም አይከለክልህም። በጌሙ ታሪክ ውስጥ ታንኮቹ እያንዳንዳቸው መጠሪያ ስም አላቸው፣ ያንተም ቢኖረው ከተረቱ አይወጣም። እኔ እንደውም በጣም ደስ ብሎኛል፣ ፎቶ ላክልን።

ፊደላችን ለዚህ ስራ ይመቻል፣ እግሮቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ። በመጀመሪያ ቦታውን በግሎስ ቫርኒሽ ቀባው፣ ከተሳሳትክ ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ታጠፋዋለህ፣ ስር ያለው ቀለም አይነካም። በእርሳስ ከላይና ከታች ሁለት ስስ መስመር አስምር። ከዛ ቋሚ እግሮቹን ሁሉ በአንዴ ጻፍ፣ ቀጥሎ አግዳሚዎቹን፣ መጨረሻ ላይ የካዕብና የሳልሱን ቅጥያ፣ የሳድሱን ስብራት። ፊደል በፊደል እየጨረስክ ከሄድክ መጨረሻ ላይ ቦታ ያጥርሃል። ከሶስት አራት ፊደል አይብለጥ፣ ሞዴሉ ትንሽ ነው፣ ቀለሙም ንጹህ ነጭ ከሚሆን ክሬም ብጤ ቢሆን ከነሐሱ ጋር ይስማማል። ሲደርቅ በማት ቫርኒሽ ሸፍነው፣ ከዛ ጭረቱንና ጥላሸቱን ከፊደሉ በላይ አሳልፈው፣ ስሙ ከታንኩ ጋር አብሮ የዘመተ ይመስላል።